በዓሣ ነባሪው አንገት ሥር ያየሁት ጋላክሲ፦ እምብርቱ ንቁ ነው ወይስ ደማቅ ብቻ?

የመክፈቻ ጽሑፍ (ጠያቂው፣ ከጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ከጅሬን ኮረብታ ግርጌ ባለው ግቢያችን የመስተዋቱ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ አቁሜ ሰማይ እያየሁ ነበር። ጨረቃ አልነበረችም፤ የሰፈሩም መብራት ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር ሌላ ጊዜ የሚያማርረኝ ነገር ለዚያች ሌሊት ውለታ ሆነልኝ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ዓሣ ነባሪ በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ፣ ዴልታ ሴቲ ከምትባለው ደብዘዝ ያለች ኮከብ ወደ ምሥራቅና ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ፣ ክብ የሆነ ጉም መሰል ነገር አገኘሁ። ጠርዙ እየሳሳ ይጠፋል፤ መሐሉ ግን ኮከብ የተሰካበት ይመስል ነጥሮ ይታያል። ስስ ደመና በላዩ ባለፈ ጊዜ ጉሙ ጨርሶ ሲሰወር የመሐሉ ነጥብ ብቻውን ቀረ።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው፣ ያየሁት ንቁ እምብርት ያለው ጋላክሲ ነው። ይህም ማለት የመሐሉ ብርሃን ከኮከቦች ብቻ የሚመጣ ሳይሆን፣ እዚያ የተቀመጠው ግዙፍ ብላክ ሆል (ብርሃን እንኳ የማያመልጠው እጅግ ከባድ አካል) ወደ ራሱ ሲስበው እጅግ ከሚግል ጋዝ የሚወጣ ነው። ማስረጃዬ የእምብርቱ ድምቀት ነው። የምጠይቀው፣ በዚህ አባባሌ ልክ ነኝ ወይ? ልክ ከሆንኩስ በጅማ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው በአነስተኛ መሣሪያ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ሊያጠናው ይችላል?

(ከዚህ በታች ያሉትን መልሶች፣ ውይይቱ ስለረዘመና መሐል ላይም ስለተቀያየምን፣ አዲስ የሚገባ ሰው እንዲከተለው በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬያቸዋለሁ። ያናደዱኝንም አልዘለልኩም።)

መልስ 1

ቀድመው የመለሱልኝ ከአዲስ አበባ የጻፉ አንዲት ሴት ናቸው፤ የረጅም ጊዜ ልምድ እንዳላቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የገለጽኩት ቦታ በሜሲየር መዝገብ ሜሲየር 77 ከሚባለው ጋላክሲ ጋር እንደሚገጥም፣ ይኸው ጋላክሲ በሌላ መዝገብ ኤን ጂ ሲ 1068 ተብሎ እንደሚጠራ፣ መጀመሪያ ያየውም ፈረንሳዊው ፒየር ሜሼን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 1780 እንደሆነ ነገሩኝ። ነገር ግን በስሙ ከመጥራቴ በፊት ላረጋግጥ እንደሚገባ አሳሰቡኝ፤ ከእርሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ በግማሽ ዲግሪ ርቀት ላይ ኤን ጂ ሲ 1055 የሚባል፣ ከጎኑ ስለሚታይ እንደ ቀጭን ጭረት የሚመስል ደብዛዛ ጋላክሲ አለ፤ ያንን ካገኘሁ ቦታውን አልሳትኩም ማለት ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ስለ ቦታችን የጻፉት ነው። ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ላይ ትገኛለች፤ ሜሲየር 77 ደግሞ በሰማይ ወገብ ላይ ማለት ይቻላል ተቀምጧል። ስለዚህ በኅዳር መጨረሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ከአናታችን 8 ዲግሪ እንኳ ሳይሞላ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ያልፋል። የአውሮፓ ተመልካች በወፍራም አየር አሻግሮ የሚያየውን እኛ በቀጥታ ሽቅብ እናየዋለን። ጉዳቱ፣ እንደ እኔ ያለው በጣውላ ሣጥን ላይ የሚዞር ቴሌስኮፕ ልክ አናት ላይ ሲደርስ ለማዞር እጅግ ስለሚያስቸግር፣ ከዚያ ሰዓት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ ማየት ይሻላል።

መልስ 2

ከአጋሮ የጻፈ አንድ ወጣት፣ ከሜሲየር 77 እምብርት በስተ ምሥራቅ በጣም ቀርባ የምትታይ የራሳችን ጋላክሲ ኮከብ እንዳለች አስታውሶ፣ ነጥሮ የታየኝ እርሷ ልትሆን ትችላለች ወይ ሲል ጠየቀኝ። ጨዋና ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ እኔም ሳላጣራ ጽፌ ነበርና አፈርኩ።

መልስ 3

ይህኛው ጨዋነቱን ትቶታል። ጸሐፊው ድምቀትን ማስረጃ ማድረጌ ወፍራም ሰው ሁሉ ባለጸጋ ነው እንደማለት እንደሆነ ጽፎ፣ የአብዛኞቹ ጠመዝማዛ ጋላክሲዎች መሐል ኮከቦች ተጨናንቀው የሚኖሩበት ስለሆነ ሁልጊዜ ከዳሩ ይደምቃል አለ። ምሳሌ ያደረገው አንድሮሜዳ የሚባለውን ጎረቤት ጋላክሲ ነው። የአንድሮሜዳ እምብርትም በቴሌስኮፕ ነጥሮ ይታያል፤ በውስጡም ከፀሐይ ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚከብድ ብላክ ሆል አለ፤ ሆኖም የሚበላው ጋዝ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ዝም ያለ ነው ማለት ይቻላል። የደመናው ወሬዬ ደግሞ ስለ ዓይኔ እንጂ ስለ ጋላክሲው ምንም እንደማይናገር ጨመረበት፤ ደማቁ ነገር ከደብዛዛው ኋላ መሰወሩ ለማንም ግልጽ ነውና። አነጋገሩ ቢያንገበግበኝም አንድም የምመልስለት ነገር አጣሁ።

መልስ 4

ኅዳር 22 እንደገና አይቼ የጻፍኩት ነው። ኤን ጂ ሲ 1055ን ብዙ ከደከምኩ በኋላ፣ በቀጥታ ሳይሆን በዓይኔ ጠርዝ ሳይ አገኘሁት። የአጋሮው ወጣት ያላት ኮከብም በስተ ምሥራቅ ለብቻዋ ታየች፤ ደማቁ ነጥብ ግን የጉሙ ትክክለኛ መሐል ላይ ነው። ስለዚህ ማንነቱ ተረጋገጠ፤ ንቁነቱ ግን ለጊዜው የእኔ ምኞት ብቻ ሆኖ ቀረ።

መልስ 5

በጅማ ለብዙ ዓመታት ፊዚክስ ያስተማሩ ጡረተኛ ገቡ። መልሳቸው ከሁሉም ረጅሙ ነው፤ እኔም ብዙ ላሳጥረው አልደፈርኩም።

የኮከብ ብርሃን በየቀለሙ ሲበተን በቀስተ ደመናው ላይ ጥቁር መስመሮች የሚታዩት፣ ከኮከቡ ውስጥ የሚወጣውን ብርሃን በላይኛው ገላው ያለው ቀዝቀዝ ያለ ጋዝ የየራሱን ቀለም እየመረጠ ስለሚያስቀረው እንደሆነ አስረዱ። ጋላክሲ የኮከቦች ክምችት ከሆነ የእርሱም ስፔክትረም (በየቀለሙ የተበተነው ብርሃኑ) ይህንኑ መምሰል አለበት። ኤድዋርድ ፋዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1908 በካሊፎርኒያው ሊክ የምርምር ጣቢያ ኤን ጂ ሲ 1068ን ሲመረምር ከጥቁሮቹ ጋር ደማቅ መስመሮችን አገኘ፤ ደማቅ መስመር ደግሞ የሚመጣው በሌላ ኃይለኛ ብርሃን ተመትቶ ከሚያበራ ሳሳ ያለ ጋዝ ነው። ነገሩ ለ35 ዓመታት እንደ አንድ እንግዳ ጉዳይ ተቀምጦ ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ካርል ሴይፈርት ይህንኑ ጨምሮ ደማቅ እምብርት ያላቸውን ስድስት ጋላክሲዎች በዝርዝር አጥንቶ መስመሮቻቸው ሰፋፊ መሆናቸውን አሳየ። ዛሬ የሴይፈርት ጋላክሲ የምንለው ስያሜ ከዚህ የመጣ ነው።

መምህሩ የመስመሩን ስፋት ያስረዱበት መንገድ ለእኔ አዲስ ነበር። ጋዙ በሙሉ በአንድ ፍጥነት ቢሄድ መስመሩ ቀጭን ሆኖ ቦታውን ብቻ ይለውጥ ነበር፤ ከፊሉ ወደ እኛ፣ ከፊሉ ከእኛ ሲሮጥ ግን መስመሩ ወደ ሰማያዊም ወደ ቀይም ይለጠጣል። የልጠቱ መጠን ፍጥነቱን ይነግረናል፤ ውጤቱም በሰከንድ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህን ያህል ጋዝ በዚህ ፍጥነት ይዞ የሚያዞር ነገር እጅግ ከባድ፣ እጅግም ጠባብ ቦታ ውስጥ ያለ መሆን አለበት።

በዚህ ላይ በ500.7 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ስለሚገኘው አረንጓዴ መስመር አንድ ታሪክ አከሉ። ይህ መስመር በጉማማ የሰማይ አካላት ውስጥ ሲታይ በምድር ላይ ከሚታወቅ ከማንኛውም ንጥረ ነገር ጋር ስላልገጠመ ኔቡሊየም የሚባል አዲስ ንጥረ ነገር ተገኘ ተብሎ ነበር። አይራ ቦወን እ.ኤ.አ. በ1927 የደረሰበት ግን ሁለት ኤሌክትሮኖቹን ያጣ ተራ ኦክስጅን መሆኑን ነው፤ በምድር ቤተ ሙከራ ያልታየውም እዚህ የምንሠራበት ጋዝ፣ ባዶ የምንለው ሳይቀር፣ ለዚያ መስመር በጣም የታመቀ ስለሆነ ነው።

መልስ 6

በጅማ የፊዚክስ ተማሪ እንደሆነ የገለጸ ሰው ተነሥቶ መምህሩ ያለፉትን ነገር አመለከተ። ደማቅ መስመር መኖሩ ብቻውን ንቁ እምብርትን አያረጋግጥም፤ አዳዲስ ኮከቦች የሚወለዱበት ጋዝም በእነዚያው ኮከቦች ሙቀት እየተመታ ደማቅ መስመር ያወጣል፤ ለምሳሌ ሜሲየር 82 የሚባለው ጋላክሲ በደማቅ መስመሮች የተሞላ ሲሆን ዋናው ምክንያት ግን የኮከቦች መወለድ ነው። የሚለያቸው የመስመሮቹ ጥምርታ ነው። የ500.7ቱን የኦክስጅን መስመር በ486.1 ላይ ካለው የሃይድሮጅን መስመር ጋር ማነጻጸር፣ በቀዩም በኩል የናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ባልድዊን፣ ፊሊፕስና ተርሌቪች እ.ኤ.አ. በ1981 ያቀረቡት ሥዕላዊ መለያም የዚሁ ነው። የኦክስጅኑ መስመር ከሃይድሮጅኑ ከ3 እጥፍ በላይ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ብላክ ሆሉ ያደላል፤ በኤን ጂ ሲ 1068 እምብርት ግን ከ10 እጥፍም ያልፋል። ኮከብ ሊሰጥ ከሚችለው በላይ ኃይለኛ ጨረር ካልመታው በቀር ኦክስጅን ይህን ያህል አያበራም።

እርማቱ እውነት ነው፤ በዚህ የውይይት ክር ውስጥም ከሁሉ የላቀው ነጥብ ይኸው ይመስለኛል። የቀረበበት መንገድ ግን መምህሩን በአንተ እየጠራ ነበር።

መልስ 7 እስከ 9

ከዚህ በኋላ ለሁለት ቀን ያህል ጋላክሲው ተረሳ። በመልስ 7 አንዲት የሰፈራችን ሴት፣ ልጆቿን ያስተማሩላትን ሰው በእኩያው አነጋገር መድፈሩን አንሥታ ተማሪውን ክፉኛ ገሠጸችው። ተማሪው በመልስ 8 መምህሩ ማን እንደሆኑ ሳያውቅ መጻፉን ገልጾ ይቅርታ ጠየቀ፤ ይሁንና ያቀረበውን ሐሳብ እንደማይመልስ ጨመረ። በመልስ 9 መምህሩ ራሳቸው ልጄ ብለው ጠርተውት እርማቱን ሙሉ በሙሉ ተቀበሉት። ያው ሜሲየር 77 ራሱ በእምብርቱ ዙሪያ ኮከቦች በብዛት የሚወለዱበት ቀለበት እንዳለው፣ የመሐሉንና የቀለበቱን ብርሃን ያልለየ መሣሪያም ሁለቱን ቀላቅሎ ሊያሳስት እንደሚችል በመጨመር ክርክሩን የተማሪው ረዳት ሆነው ዘጉት።

መልስ 10 እስከ 12

በመልስ 10 አንድ ሰው የዓሣ ነባሪውን አፈ ታሪክ አመጣ። በግሪኮች ትረካ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሴፊየስና ንግሥቲቱ ካሲዮፒያ ልጃቸውን አንድሮሜዳን እንዲበላ የተላከው የባሕር አውሬ ይህ የኮከቦች ስብስብ ነው፤ ስለዚህ ጋላክሲው በጠላታችን አንገት ላይ ተንጠልጥሏል ሲል ቀለደ። መልስ 11 የግሪኮች ኢትዮጵያ ከግብፅ በታች ያለውን አገር ሁሉ የሚጠራ ስም እንጂ የዛሬዋን አገር ለይቶ የሚያመለክት አይደለም ብሎ ተቃወመ፤ የመጀመሪያው ተመልሶ የመለሰው መልስ በቁጣ የተሞላ ስለነበር አልደግመውም። መልስ 12 የእኔ ነው፤ ሁለቱም ወደ ሌላ ክር እንዲሄዱ ለመንኳቸው።

መልስ 13

ከጎማ ወረዳ የጻፈ ቡና አምራች፣ ቡና በሚለቀምበትና በአልጋ ላይ በሚሰጣበት በዚህ ወር ሌሊቱን ሰማይ ሲያይ የሚያድር ሰው ሥራ የሌለው መሆን አለበት ብሎ ጀመረ። እኔም ለመመለስ ጣቴን ካሾልኩ በኋላ ቀጣዩን አንቀጽ አነበብኩ። እርሱ ራሱ የተሰጣውን ቡና ጤዛ እንዳያገኘው አመሻሹ ላይ ሸፍኖ ሲጠብቅ ስለሚያድር፣ ጤዛ የሚጀምርበትን ሰዓት ከማንም በተሻለ ያውቃል። ሰማዩ ጥርት ባለ መጠን መሬቱ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ጤዛውም ይፈጥናል፤ ረግረግ ባለበት አካባቢ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ጉም ይነሣል። ስለዚህ መስተዋቴን ከሣር ላይ አንሥቼ ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ እንዳደርገው፣ ሥራዬንም ከእኩለ ሌሊት በፊት እንድጨርስ መከረኝ። ሦስት ሌሊት መስተዋቱ ለምን እንደሚያልበኝ ሳይገባኝ ቆይቶ ነበር።

መልስ 14 እስከ 16

እዚህ ላይ ወደ ሥራው ገባን። ተማሪው በመልስ 14 በአንድ ሚሊ ሜትር 100 ጭረት ያለበት፣ በካሜራው ፊት እንደ ማጣሪያ የሚጠለቅ ብርሃን በታኝ መስታወት እንዳለው፣ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በአማተሮች ዘንድ የተለመደ መሆኑን ጻፈ። ችግሩ የእኔ ቴሌስኮፕ የምድርን መዞር ተከትሎ የሚዞር ሞተር የለውም፤ በሰማይ ወገብ ላይ ያለ አካል ደግሞ ከማንኛውም ይበልጥ ፈጥኖ ከዕይታ ይወጣል።

መምህሩ ባለ ሞተር ማቆሚያና 15 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ነበራቸው፤ ግን ለዓመታት ተሸፍኖ የተቀመጠበት ምክንያት ነበረው። እንዲህ ያለው ማቆሚያ ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ መዞር አለበት፤ ዋልታው ደግሞ በጅማ ከአድማሱ ከ8 ዲግሪ ያነሰ ከፍታ ብቻ አለው። ማቆሚያው የተሠራው ለሰሜን አገሮች ስለሆነ ከ20 ዲግሪ በታች አልወርድ ይላል። የሰሜኑ ኮከብም ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ስለሚደበቅ አቅጣጫውን በእርሱ ማስተካከል አይቻልም።

በመልስ 15 በከተማችን በርጩማና የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ገባ። ስለ ጋላክሲ ምንም እንደማያውቅ ተናግሮ፣ የጎደለው 12 ዲግሪ ከሆነ የሦስቱ እግሮች ርቀት ስንት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ከሰሜኑ እግር እስከ ሁለቱ የደቡብ እግሮች መስመር 70 ሳንቲ ሜትር መሆኑን ስንነግረው፣ የደቡቦቹን 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚያደርግ፣ ላዩ በዚያው መጠን የተዘነበለ ደልዳላ የዋንዛ ጉማጅ ይበቃል አለ። በሁለተኛው ቀን ሠርቶ አመጣው፤ ዋጋውን ስንጠይቀው ሳተርንን እንድናሳየው ብቻ ጠየቀ። መልስ 16 ከአዲስ አበባዋ ሴት የመጣ ነው፤ የሰሜኑ ኮከብ ሳይታይ አንድን ኮከብ በዕይታው መሐል አድርጎ፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲንሸራተት እያዩ ዘንጉን ጥቂት በጥቂት የማቃናትን ዘዴ ደረጃ በደረጃ አስረዱን። ሁለት ሙሉ ሌሊት ፈጀብን።

መልስ 17 እና 18

መልስ 3ን የጻፈው ሰው ተመልሶ መጣ። ሴይፈርት ጋላክሲዎች ከ1974 (እ.ኤ.አ.) የኻቺኪያንና የዊድማን ጥናት ጀምሮ በሁለት ዓይነት እንደሚከፈሉ፣ የመጀመሪያው ዓይነት በሰከንድ ሺዎች ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ጋዝ የሚያወጣቸው በጣም ሰፋፊ የሃይድሮጅን መስመሮች እንዳሉት፣ ሜሲየር 77 ግን እነዚህ የሌሉት ሁለተኛው ዓይነት እንደሆነ ጽፎ፣ ስለዚህ እምብርቱ ደካማ ነው ሲል ደመደመ። ክፍፍሉ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ግን አይደለም፤ በዚህ ጊዜ ያረመው ያው ተማሪ ነው፣ አሁን ግን በአንቱ።

ተማሪው የተረከው የአንቶኑቺንና የሚለርን እ.ኤ.አ. የ1985 ሥራ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ፋዝ በሠራበት በዚያው በሊክ ጣቢያ፣ በ3 ሜትር ቴሌስኮፕ፣ የኤን ጂ ሲ 1068ን ብርሃን በሙሉ ሳይሆን የሞገዱ ንዝረት ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላውን ክፍል ብቻ ነጥለው ስፔክትረሙን አነሡ። ብርሃን እንዲህ የሚያደላው በአንድ ነገር ላይ ተንጸባርቆ ሲመጣ ነው። በዚያ በተንጸባረቀው ብርሃን ውስጥ ግን የሉም የተባሉት ሰፋፊ መስመሮች ቁልጭ ብለው ታዩ። ተማሪው የሰጠው ምሳሌ ከግድግዳ ጀርባ የተቀመጠ ኩራዝ ነው፤ ኩራዙ ራሱ ባይታየንም ከጣራው ሥር የታመቀውን ጭስ ሲያበራው ብርሃኑን እናያለን። በሜሲየር 77 ግድግዳው በብላክ ሆሉ ዙሪያ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ወፍራም አቧራ ነው፤ ጭሱ ደግሞ ከቀለበቱ ክፍት በኩል ወደ ላይ የሚወጣ በነፃ ኤሌክትሮኖች የተሞላ ጋዝ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዓይነቶች በብዙ ሁኔታ አንድ ነገር ከተለያየ አቅጣጫ ሲታይ እንጂ የተለያዩ ነገሮች አይደሉም የሚለው አስተሳሰብ ዋነኛ መሠረቱ እኔ በግቢዬ ያየሁት ጋላክሲ ነው።

በዚህ ላይ ሃይድሮጅን በኮከብ ውስጥ ወደ ሂሊየም ሲለወጥ ከክብደቱ 0.7 በመቶው ብቻ ወደ ኃይል እንደሚለወጥ፣ ወደ ብላክ ሆል እየተሽከረከረ የሚወድቅ ጋዝ ግን 10 በመቶ ያህሉን ሊያወጣ እንደሚችል አከለ፤ እምብርቱ ደካማ የመሰለን ይህ ሁሉ አቧራው ውስጥ ታፍኖ አብዛኛው በኢንፍራሬድ ስለሚወጣ ነው። የመልስ 3 ጸሐፊ ሌላ አልጻፈም። ዝምታው መቀበል ይሁን መሰልቸት አላወቅሁም።

መልስ 19 እና 20

በመልስ 19 የአጋሮው ወጣት፣ በደቡብ ዋልታ በአንድ ኪሎ ሜትር ኩብ በረዶ ውስጥ የተዘረጋው አይስኪዩብ የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከዚሁ ጋላክሲ አቅጣጫ ከተጠበቀው በላይ 79 ገደማ ኒውትሪኖዎች (ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካኩ ጥቃቅን ቅንጣቶች) መገኘታቸውን ማስታወቁን አመጣ። ብርሃንን የሚያፍነው አቧራ ኒውትሪኖን አያግደውም፤ ስለዚህ ከቀለበቱ ውስጥ በቀጥታ የሚደርሰን ወሬ ይህ ነው። መልስ 20 ይህ ጥናት ለአገራችን ሩቅ እንዳልሆነ ለማሳሰብ የተጻፈ ነው፤ በእንጦጦ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች እንዳሉ፣ በአዲስ አበባ ሆነው ንቁ እምብርት ያላቸውን ጋላክሲዎች ሲያጠኑና ሲያስተምሩ የቆዩት ሚርያና ፖቪችም እ.ኤ.አ. በ2021 የጆሴሊን ቤል በርኔልን ሜዳሊያ እንደተሸለሙ አነሣ።

መልስ 21

የውጤቱ ዘገባ የእኔ ነው። ታኅሣሥ 20 እና 21፣ እንደገና ጨረቃ በሌለበት ጊዜ፣ ሞተሩን በሞተር ሳይክል ባትሪ እያስነሣን፣ እያንዳንዳቸው 20 ሰከንድ የፈጁ 60 ፎቶዎች አነሣን። ማቆሚያው ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ 11ዱ ተበላሹ። የቀለሙን መለኪያ ያስተካከልነው የሃይድሮጅን መስመሮቿ በደንብ በሚታወቁት በሲሪየስ ነው። የደመርነው ስፔክትረም ላይ አንድ ጉልህ ጉብታ በአረንጓዴው ላይ ብቅ አለ፤ ከግራው ትከሻ የሚመስል እብጠት አለው፤ የሃይድሮጅኑ መስመር ግን ከስፔክትረሙ መነሻ መስመር ለመለየት አስቸጋሪ ነው። ሲሪየስ ላይ ይህ ጉብታ የለም፤ ለማነጻጸር ያነሣነው የአንድሮሜዳ እምብርት ላይም የለም። ድምቀት ማስረጃ አይደለም ሲባል የነበረው በዚህ ጊዜ በዓይኔ ታየኝ፤ ከሁለቱ ደማቅ እምብርቶች አንዱ ብቻ ነው መስመሩን ያወጣው።

የጉብታው ጫፍ 502.2 ናኖሜትር ላይ ነበር። ከ500.7 ሲቀነስ 1.5 ይቀራል፤ ይህም ጋላክሲው በሰከንድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ከእኛ እየራቀ ነው ማለት ነው።

መልስ 22 እስከ 24

ተማሪው ደስታዬን ብዙ አላቆየልኝም። በካሜራችን ላይ አንዱ ነጥብ 0.6 ናኖሜትር ስለሚይዝ፣ ግማሽ ናኖሜትር መሳት ብቻ ፍጥነቱን በ300 ኪሎ ሜትር እንደሚያዛባ አስልቶ አሳየኝ። ደግሞም ትከሻ ያልኩት በ495.9 ላይ ያለው የኦክስጅን ሁለተኛ መስመር ነው፤ ድምቀቱ የዋናው ሲሶ ሲሆን፣ የእኛ መሣሪያ ሁለቱን በደንብ ስላልለያቸው ጫፉን ወደ ግራ ጎትቶታል። በትላልቅ መሣሪያዎች የተለካው ፍጥነት በሰከንድ 1,140 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የእኛ ማነሱ በዚህ ይገባል። ሁለቱን መስመሮች አንድ ላይ አስልቶ እንደገና ለመለካት ያልተነካኩትን ፎቶዎች እንድልክለት ጠየቀ፤ ላክሁለት።

በመልስ 23 አንድ ሰው ጋላክሲ በራቀ መጠን ፈጥኖ ይሸሻል ከሚለው ደንብና ከ900ው ተነሥቶ ርቀቱን 42 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ብሎ አስልቶ ሲያበስር፣ መምህሩ እንዲህ ቅርብ የሆኑ ጋላክሲዎች በጎረቤቶቻቸው ስለሚሳቡ ከፍጥነት ብቻ ርቀትን ማውጣት እንደማይታመን አስጠነቀቁ። በብዛት የሚሠራበት ርቀት 47 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። እግረ መንገዳቸውንም፣ ያ ብርሃን ሲነሣ የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታ ከሸፈነው የባዛልት ድንጋይ አብዛኛው፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው፣ ገና ከመሬት እንዳልወጣ አስታወሱን።

መልስ 24 የአዲስ አበባዋ ሴት ነው። ዓሣ ነባሪው በየካቲት ወደ ምዕራብ ስለሚያዘቀዝቅ ቀጣዩ ሥራችን ኤን ጂ ሲ 4151 እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ። እርሱም ሴይፈርት ካጠናቸው ስድስቱ አንዱ ሲሆን፣ ሰፋፊ መስመሮቹ ያለ መጋረጃ ስለሚታዩና ድምቀቱም በወራት ውስጥ ስለሚለዋወጥ ከሜሲየር 77 ጋር ጎን ለጎን ለማየት ይመቻል። በየካቲት መጨረሻ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ በሰሜን በኩል 58 ዲግሪ ከፍታ ላይ ይደርሳል። የጎማው ቡና አምራች ወዲያው ገብቶ 8 ሰዓት ማለት ጉሙ የሚነሣበት ሰዓት መሆኑን አስታወሰን፤ ያኔ ግን ቡናው ተከትቶ ስለሚያልቅ የእርሱ ግቢ ኮረብታ ላይ በመሆኑ መሣሪያውን ወደዚያ ብናመጣ እንደማይከፋው ጻፈ።

መልስ 25

አናጢው ነው። አዲሱ ጋላክሲ በሰሜን በኩል ከሆነ ጉማጁን በሌላ ማዕዘን እንደገና መቁረጥ ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቀ። መምህሩ አያስፈልግም ብለው መለሱለት፤ ጉማጁ የተቆረጠው ለዋልታው እንጂ ለጋላክሲው አይደለምና፣ ጎማም ከጅማ እምብዛም ወደ ሰሜን ስለማይርቅ በዚያው ይሠራል። ሳተርንን ግን እስካሁን አላሳየነውም።